የጀበና ኬክ በምን ይሠራ? ፎንዳንት፣ ገም ፔስት፣ ቸኮሌት ወይስ እውነተኛው ሸክላ

ለእናቴ 60ኛ ዓመት ልደት የሠራኋት የመጀመሪያዋ ጀበና ሌሊቱን አንገቷን ደፍታ አደረች። ማታ አራት ሰዓት ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ነው ትቻት የተኛሁት። ጠዋት ስነሳ አንገቷ ወደ ጎን ተጋድሞ፣ ጆሮዋ ተገንጥሎ፣ ሆዷ ተዘርጥጦ፣ ጀበና መሆኗ ቀርቶ እንቁላል ላይ የተኛች ዶሮ መስላ ጠበቀችኝ። እጄ ላይ ምንም ችግር አልነበረም። ሙሉ በሙሉ በፎንዳንት፣ ኬክ በሚለብሰው የስኳር ሊጥ፣ መሥራቴ ነው ጉድ ያደረገኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጀበና ሠርቻለሁ። ለልደት፣ ለመልስ፣ አንዴ ለምረቃም። ሰው ሁሉ ፎቶ ይልክና «እንደዚህ አድርጊልኝ» ይላል፤ ራሳቸው መሥራት የሚፈልጉት ደግሞ «በምን ልሥራው?» ብለው ይጠይቁኛል። ፎቶ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ቸኮሌቱም፣ ስኳሩም፣ ሸክላውም። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት አራት ነገር እጠይቃለሁ፦ ስንት ቀን አለሽ፣ ኬኩ በመኪና የት ድረስ ይሄዳል፣ ቀኑ ጾም ነው ወይስ ፍስክ፣ ጀበናው ይበላል ወይስ ይቀመጣል? ውበቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

የማወራው ስለዚህ ኬክ ነው። ከታች ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ደርብ፣ በላዩ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱም ነጭ፣ ወገባቸው ላይ ጥበብ የዞረባቸው። ከላይ ረከቦት፣ ረከቦቱ ላይ ማቶት፣ ማቶቱ ላይ ጀበና፣ ዙሪያውን ሲኒዎች። ከታች በአረንጓዴ ክሬም የተሠራ ቄጤማ፣ ቄጤማው ላይ የተበተነ እውነተኛ ፈንዲሻ። ፈንዲሻውን ግን ኬኩ ቦታው ከደረሰ በኋላ በትኑት፤ ክሬም ላይ ከቆየ ይልፈሰፈሳል።

መሶብ ይሁን ጀበና?

ብዙ ሰው የሚፈልገው ሁለቱንም ነው። መሶብ ከታች፣ ጀበና ከላይ። እኔ መሶብ ላይ ጀበና የሚያስቀምጥ ቤት እስካሁን አላየሁም፤ እናታችሁም ስታየው መሳቋ አይቀርም። ያም ይቅር። ዋናው ጣጣ የመሶቡ ወገብ ነው። መሶብ ከሥር ሰፊ፣ መሐሉ ቀጭን፣ ከላይ እንደገና ሰፊ ነው። ኬክ ደግሞ ቀጭን ወገብ ላይ ሰፊ ነገር አይሸከምም። ስለዚህ እግሩን ከኬክ ለመሥራት አትሞክሩ። እግሩ ዕቃ የሚታሸግበት ነጭና ጠንካራው ፎም ይሁን፤ በመሐሉ ከታችኛው ጣውላ ጋር በብሎን የታሰረ ቱቦ ይለፍ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ክብ ሰሌዳ ይግጠምበት፣ ኬኩ እዚያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ይቀመጥ። ይህን አናጢ ቤት ካላሠራችሁ በስተቀር በስቲክኒና በተስፋ የሚቆም ነገር አይደለም።

ለመሶብ አንድ ጥሩ ነገር ልናገርለት። ስፌቱን ማስመሰል ከሚታሰበው ይቀላል። መሶብ እየዞረ የሚሰፋ ነገር ስለሆነ ክሬሙን በመጭመቂያው ትንሽ ክብ አፍ ከሥር ጀምሮ እያዞሩ መደርደር ነው። ቀለም መቀያየር ብቻ። በፎንዳንት ገመድ ልሥራው ካላችሁ ግን ሙሉ ከሰዓት ይበላችኋል፤ ገመዱን የሚገፋ መሣሪያ ከሌላችሁ ደግሞ የእጃችሁን አንጓ ያማችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ጀበና ይሻላል። ሆዱ ድቡልቡል ነው፣ ክብደቱ መሐል ላይ ይወድቃል፣ ከሥሩ ማቶት አለ። ማቶቱን ዝም ብሎ ጌጥ አታድርጉት። ከወፍራም ገመድ ጠምዝዛችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በትክክል ጀበናውን እንዲይዝ አድርጉት። እናቶቻችን ያለ ምክንያት አላስቀመጡትም።

ፎንዳንት

ፎንዳንት የተፈጨ ስኳር፣ ግሉኮስ፣ ውኃ፣ ጄላቲንና ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪኑ ለስላሳ ያደርገዋል፣ ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ለኬክ ልብስ ጥሩ የሆነበት ምክንያት ጀበና ለመሥራት የማይሆንበት ምክንያት ነው። በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሆዱ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን የፎንዳንት ጀበና ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያን ያህል ነገር አንድ ሌሊት ቆሞ ይደር ማለት ከባድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ኬክ ከሆነማ አይነሳ።

ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። 450 ግራም ማርሽማሎው (ለስላሳው ነጭ ከረሜላ) ከጥቂት ማንኪያ ውኃ ጋር አቅልጦ፣ እስከ 900 ግራም የሚሆን የተፈጨ ስኳር እየጨመሩ ማሸት ነው። ርካሽ ነው፣ ጣዕሙም ከተገዛው ይሻላል እላለሁ። ከላይ በጠቀስኳቸው በግሊሰሪንና በግሉኮስ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ፋርማሲ ውስጥ ለቆዳ የሚሸጠው ግሊሰሪን ለምግብ የተዘጋጀ አይደለም፤ ለምግብ የሚል ካልተጻፈበት ተዉት። ሁለተኛ፣ የግሉኮስ ዱቄትና የግሉኮስ ሽሮፕ አንድ አይደሉም። እዚህ ሥራ ላይ የሚፈለገው ወፍራም ማር የሚመስለው ሽሮፕ ነው።

ፎንዳንትን ለልብሱ፣ ለጥበቡና ለማስመሰያ ቅጠል ተጠቀሙበት። ለጀበናው ግን እምቢ በሉ።

ገም ፔስት

ይህ የፎንዳንት ደረቁ ወንድም ነው። ታይሎስ ወይም ሲኤምሲ የሚባለው ዱቄት ይገባበትና እንደ ስስ ሸክላ ይደርቃል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ካጣችሁት 250 ግራም ፎንዳንት ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ታይሎስ አሽታችሁ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት፤ ከዚያ ወዲያ ባሕርዩ ይቀየራል።

ሲኒ የሚሠራው በዚህ ነው። ሌላ አማራጭ አልሰጣችሁም። በጣም ስስ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ድረስ ትዳምጡታላችሁ። የቤታችሁን ሲኒ ገልብጣችሁ በቆሎ ስታርች ነስንሳችሁ ታለብሱታላችሁ፣ ትርፉን ቆርጣችሁ በማግሥቱ ታወጡታላችሁ። ከዚያ ውስጡም እንዲደርቅ ሌላ ቀን ስጡት። ስዕሉን በስስ ብሩሽ ከላይ መሣል ይቻላል። አንድ ጊዜ ስድስት ሲኒ ሠርቼ ሁለቱ ስለተሰነጠቁ አሁን ሁልጊዜ ሁለት ጨምሬ ነው የምሠራው።

አየሩ ግን እዚህ ላይ ይፈርዳል። በበጋ አዲስ አበባ ደረቅ ስለሆነች ገም ፔስት በሁለት ቀን ድንጋይ ይሆናል፤ እንዲያውም እጃችሁ ላይ እያለ ጫፉ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ስለዚህ የማትሠሩበትን ሁልጊዜ ሸፍኑት። ከሰኔ እስከ መስከረም ሌላ ታሪክ ነው። በክረምት አራት አምስት ቀን ጠብቄ ውስጡ እንደ ሊጥ የቆየብኝ ጊዜ አለ። ፍሪጅ ደግሞ ጠላቱ ነው። እርጥበቱ ያለሰልሰዋል፣ የደረቀውም እጀታ ተመልሶ ይታጠፋል።

ጀበናውን በሙሉ በገም ፔስት መሥራትስ? ይቻላል፣ ግን ባዶ መሆን አለበት። ድፍን ከሆነ ውጪው ይደርቅና ውስጡ አይደርቅም፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ሆዱን በሁለት ግማሽ በኳስ ላይ አድርቆ ማጋጠም ያስፈልጋል። ቆንጆ ይሆናል። ግን መጋጠሚያው ይታያል፣ ሳምንትም ይፈልጋል፣ የሚበላውም ሰው የለም፤ ጥርስ ይሰብራል።

የሚቀረጽ ቸኮሌት

የእኔ ምርጫ ይኸው። ቸኮሌትና የግሉኮስ ሽሮፕ ብቻ ነው። ለጥቁሩ ቸኮሌት ሁለት እጅ ለአንድ፦ 400 ግራም ቸኮሌት ከሆነ 200 ግራም ሽሮፕ። ነጭ ቸኮሌት ሽሮፕ ብዙ አይፈልግም፣ ሦስት ወይም አራት እጅ ለአንድ ይበቃዋል። ቸኮሌቱን ቀስ አድርጋችሁ ታቀልጣላችሁ፣ ሽሮፑን ለብ ታደርጉታላችሁ፣ ትቀላቅሉና ከሳህኑ መላቀቅ ሲጀምር ታቆማላችሁ። አቁሙ ስላችሁ አቁሙ። ብዙ ካማሰላችሁት ቅባቱ ይለይና ዘይት ያለቅሳል። ያም ቢሆን አትጣሉት፤ ይቀዝቅዝ፣ በኋላ እንደገና ይታሻል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ አንድ ሌሊት ካሳደራችሁት በኋላ በማግሥቱ እንደ ሸክላ ጭቃ ይታዘዛል።

ለምን ወደድኩት? አንደኛ ቀለሙ። ጀበና ጥቁር ቡናማ ነው፣ ቸኮሌቱም ጥቁር ቡናማ ነው። ፎንዳንትን ጥቁር ለማድረግ ያን ሁሉ ቀለም ስታስገቡ መራራ ይሆናል፣ እንግዳው ሁሉ ጥርሱ ጠቁሮ ፎቶ ይነሳል። ሁለተኛ፣ መጋጠሚያው ይጠፋል። አንገቱን ሆዱ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ በጣታችሁ ሙቀት ማሸት ነው፤ አንድ አካል ይሆናል። ፎንዳንት ላይ ይህን ብትሞክሩ ይቦጫጨቃል። ሦስተኛ፣ ነገ ማስተካከል ይቻላል። አይደርቅም፣ ቀዝቀዝ ሲል ብቻ ይጠነክራል። አራተኛ፣ ሰው ይበላዋል! ልጆች ጀበናውን ለመቆራረጥ ሲሻሙ አይቻለሁ።

ጉዳቱን ልደብቃችሁ አልችልም። ሙቀት አይወድም። እጁ የሚሞቅ ሰው ሲሠራበት ጣቱ ላይ ይቀልጣል፤ በየመሐሉ እጁን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በደንብ አድርቆ መቀጠል አለበት። አዲስ አበባ ላይ ብዙ አያስቸግርም። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላላችሁ ግን ግቢ ውስጥ ለሚደረግ ግብዣ አልመክራችሁም፤ ቢያንስ ግማሽ በግማሽ ከፎንዳንት ጋር አሽታችሁ ሥሩት፣ ካልሆነ ማስቀመጫው ክፍል አየር ማቀዝቀዣ ይኑረው።

ሆዱ ውስጥ ምን ይግባ?

ይህን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። በቸኮሌትም ቢሆን ድፍን ጀበና ከባድ ነው፣ ቸኮሌቱም ይባክናል። ውስጡን ቀላል ነገር አድርጉና ከላይ ስስ ልብስ አልብሱት። እኔ የምጠቀመው የተፈነዳ ሩዝ በማርሽማሎው የተያያዘ ነው፦ 280 ግራም ማርሽማሎው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ፣ ስድስት ኩባያ የተፈነዳ ሩዝ። ትኩስ እያለ እጃችሁን ቅቤ ቀብታችሁ አጥብቃችሁ ድቡልቡል አድርጉት። ሲቀዘቅዝ በቢላ መቅረጽ ይቻላል። ላዩ ሻካራ ስለሆነ መጀመሪያ በቀለጠ ቸኮሌት ለቅልቁት፣ ከዚያ አራት ሚሊ ሜትር የሚሆን የሚቀረጽ ቸኮሌት አልብሱት። ከድፍኑ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል።

ፈንዲሻ ይተካዋል ወይ? ሞክሬዋለሁ። ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ቅርጹ ግን ጎበጥ ጎበጥ ስለሚል ጀበናው ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። የተረፈ ኬክ ፈርፍሮ በክሬም ማቡካትም አለ፤ ይህ ለትንሽ ነገር እሺ፣ ለሆድ ግን ከባድና ለስላሳ ነው። ፎም ደግሞ ቀላሉና አስተማማኙ ነው፣ ብቻ ሰው እንዳይነክሰው መናገር ግድ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ፎም አላስገባም።

ለአንገትና ለእጀታ አጥንት ይፈልጋሉ። ስቲክኒ የሚከቱ አሉ። እኔ ያልተቀቀለ ስፓጌቲ እከታለሁ። ይይዛል፣ ማንም ቤት አለ። ሽቦ የምትጠቀሙ ከሆነ በቀጥታ ኬኩ ውስጥ አይግባ፤ ስትሮ ተክላችሁ ሽቦውን እዚያ ውስጥ አድርጉት።

እውነተኛውን ጀበና ማስቀመጥስ?

ነውር የለውም። እንዲያውም ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ይህን ነው የምመክረው። የቀጨኔ እናቶች የሚሠሯቸው ትንንሽ የሸክላ ጀበናዎች አሉ፣ ኬኩ ሲያልቅ ማስታወሻ ሆነው ይቀራሉ። ሸክላው ኬኩን እንዳይነካ ግን ከሥሩ ሰሌዳ ይኑር። ክብደቱም አይናቅ፣ ሸክላ ነውና። ከዚህ ሌላ በማሽን የተቆረጠ የአክሪሊክ ጽሑፍና በሚበላ ወረቀት የታተመ ስዕል አለ። ጥበቡን በሚበላ ወረቀት ማሳተም በእጅ ከመሣል በጣም ይፈጥናል፣ በክሬም ላይ ግን ቶሎ ይረጥባል፣ ስለዚህ ፎንዳንት ላይ ለጥፉት። የሚያብረቀርቅ ዱቄት ስትገዙ «መርዛማ አይደለም» የሚለው «ይበላል» ማለት አይደለም። የሚበላው ላይ የተሠራበት ነገር ተዘርዝሮ ይጻፋል።

ከሥር ያለው ኬክ

ኬኩን ራሳችሁ ጋግራችሁ ጀበናውንም መሥራት፣ ወይስ ቶርታውን አዝዛችሁ ጀበናውን ብቻ መሥራት? ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ ለኬክ ቤቱ ንገሩ፦ ላዩ ላይ ክብደት እንደሚቀመጥ። የተለመደው የክሬም ቶርታ በጣም ለስላሳ ነው፣ ፎንዳንትም ከተመታ ክሬም ጋር አይስማማም፣ እርጥበቱ ያቀልጠዋል። ከፎንዳንት ሥር የቅቤ ክሬም ወይም ጋናሽ (ቸኮሌት ከክሬም ጋር የተቀላቀለ) ነው የሚሆነው።

ራሳችሁ የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለው አሠራር አብዛኛው ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ መሆኑን አስታውሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ኬክም ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰረጉዳል። ለእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ማንኪያ ቀንሱ፣ ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ስኳሩንም በኩባያ ከአንድ እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ። የምድጃውን ሙቀት አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉት። ለድርብ ኬክ ደግሞ ጠንከር ያለው የቅቤ ኬክ ከስፖንጅ ይሻላል።

ክብደቱን ኬኩ አይሸከም። ታችኛው ደርብ ውስጥ አምስት ዘንግ፣ ላይኛው ውስጥ አራት፣ ሁሉም እኩል ተቆርጠው ይተከሉ፣ እያንዳንዱ ደርብ የራሱ ሰሌዳ ይኑረው። ረከቦቱ ራሱ ፎንዳንት የለበሰ ሰሌዳ ይሁን፤ ከገም ፔስት የተሠራ ረከቦት መሐሉ ላይ ሲሰበር አይቻለሁ፣ ድምፁ ራሱ ያስደነግጣል። እንዲህ ከሆነ የጀበናው ክብደት በእንጨቱ በኩል እስከ ታች ይወርዳል፣ ኬኩ ምንም አይሰማውም።

ጾም ከሆነ

ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሁዳዴ ላይ የሚውል ልደት ብዙ ነው። ዱቄቱን በዘይት መጋገር ሁሉም ያውቃል፣ ጌጡን ግን ይረሱታል። ማርሽማሎውና የተገዛው ፎንዳንት ብዙ ጊዜ ጄላቲን አላቸው፣ ጄላቲን ከእንስሳ ነው። ከአሳማም ሊሆን ስለሚችል ሙስሊም እንግዶች ካሏችሁ ጾም ባይሆንም ጥያቄው አለ። አንዳንድ ገም ፔስት የእንቁላል ነጭ ይገባበታል። ወተት የሌለው ጥቁር ቸኮሌት ከሽሮፕ ጋር ግን ለሁሉም ይሆናል፣ እዚህም ላይ አሸነፈ። የሩዙን ሆድ በማርሽማሎው ፋንታ በዚያው ቸኮሌት አያይዙት፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ይይዛል። ማጣበቂያውን ደግሞ ታይሎስ በውኃ በጥብጣችሁ ሥሩ።

መንገዱ

አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት ሰፈር እስከ ለቡ ኬክ ይዤ ሄጃለሁ። ከአስፋልቱ ይልቅ የመጨረሻዋ ሦስት መቶ ሜትር ኮብልስቶን ናት የምታስፈራው። ጀበናውን ለብቻው በካርቶን፣ ሲኒዎቹን ለብቻቸው በጥጥ፣ ኬኩን መቀመጫ ላይ ሳይሆን የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወይም እግር ማሳረፊያው ላይ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ጨርቅ አድርጋችሁ ውሰዱ። እዚያ ደርሳችሁ ግጠሙት። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ፎንዳንት ሲወጣ ያልበዋል፤ አትንኩት፣ አትጥረጉት፣ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ይበላ ወይስ ይቀመጥ የሚለውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለ እናቴ ነው። ያን የተዘረጠጠውን ጀበና ጥዬ በቸኮሌት ሌላ ሠራሁላት፤ ሲኒዎቹ ቀድመው የደረቁ ገም ፔስት ነበሩ። ጀበናዋን ልጆቹ በደቂቃ ጨረሷት። ሲኒዎቹን ግን እናቴ አላስነካም አለች፣ ብፌው ውስጥ ከእውነተኞቹ ሲኒዎች ጎን ደረደረቻቸው። እስካሁን አሉ። ባለፈው ሰሞን ቡና ሲፈላ አንዷ ጎረቤት በስህተት አንዱን አንስታ ልታጥበው ነበር።